ሰነፍ ከማለታችን በፊት

«ኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚለውን አንዳንዶች «የሙያ ሕክምና» ብለው ሲተረጉሙት ሥራ ላጣ ሰው ሥራ ማስያዝ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የሰፈራችን እናቶች ወጥ አሳምራ የምትሠራን ሴት «ባለሙያ ናት» ሲሉ ሙያ የሚሉት የዕለት ተግባርን ነው፤ ለትርጉሙም የሚቀርበው ይኸው ነው። መልበስ፣ መጉረስ፣ ቡና ማፍላት፣ መጻፍ፣ መጫወት ሁሉ በዚህ ሕክምና ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ በሽታውን ሲያክም የዚህ ባለሙያ ጥያቄ «ነገ ጠዋት ቤትዎ ሲነሡ ምን ለመሥራት ይቸገራሉ?» የሚል ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከጎረቤታችን ከካዛንቺስ ምሳሌ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አያሌ ነዋሪዎች ከዚያ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ስለ ልማቱ እዚህ አንከራከርም። ግን ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን አንዲት እናት እናስብ። በቀድሞው ግቢ የትኛውን ግድግዳ ይዘው መጸዳጃ ቤት እንደሚደርሱ፣ ከሰሉን ማን እንደሚያቀጣጥልላቸው ያውቁ ነበር። አዲሱ ቤት ሲገቡ ሕመማቸው ሳይብስ የሚችሉት ነገር ይቀንሳል። ባለሙያው ታዲያ ሰውን፣ ሥራውንና ቦታውን አንድ ላይ ነው የሚመለከተው። ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ያስመታል፤ ጀበናውን እጅ የሚደርስበት ያስቀምጣል። መክተፊያ ጣውላ ላይ ሁለት ምስማር ሽቅብ ወጥቶ ሽንኩርቱ ሲሰካበት በአንድ እጅ መክተፍ ይቻላል። ስንቱ ቤት ይህን ያውቃል?

ሐሳቡ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ከመነሻው የሥጋ ደዌ ተጠቂዎችን መልሶ ማቋቋምን ዓላማው ያደረገ ነው። በኋላም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ትምህርቱን በዲግሪ ደረጃ ጀምሯል። ቢሆንም ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። የቂርቆስ ተማሪ ጋ እስኪደርሱ ማን ይጠብቃል?

እኛን የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ክፍል፣ ሁለት መስመር ጽፎ እርሳሱን የሚጥል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ስሙ «ሰነፉ» ሆኗል። ጠጋ ብለን ስናይ አግዳሚው ከፍ ስላለበት እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርሳሱንም በጡጫው ጨምቆ ነው የሚይዘው። ከእግሩ ሥር ሣጥን አደረግንለት፤ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልለን አወፈርነው። ተአምር አልተፈጠረም፤ ግን በዚያ ሳምንት አምስት መስመር ደረሰ።

«ስድሳ ተማሪ ይዘን ለአንዱ ሣጥን ስንፈልግ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ ክፍሉ ሙሉ ነው። ሆኖም ያንን ልጅ በየቀኑ ለመቆጣት የሚባክነው ጊዜ ሣጥኗን ከመፈለጊያው ይበልጣል።

ስለ ልዩ ፍላጎት የምንማረው ትምህርት አለ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍቺና ዝርዝር ይበዛበታል፤ ፈተና ሲያልፍ እሱም ያልፋል። መምህራኖቻችን ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ለአንድ ከሰዓት እንኳ ባለሙያ ቢጋብዙልን፣ ቁርጥራጭ ጣውላና መጋዝም ብናገኝ፣ የእግር ማሳረፊያዎቹን እኛው ሠርተን ይዘን እንወጣለን።