መርዶና የእጅ ስልክ

ባለፈው ክረምት እዚህ ነቀምቴ፣ በሰፈራችን አንዲት እናት አረፉ። አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ፎቷቸው ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ሚኒሶታ ያለችው ልጃቸው እናቷ ማረፋቸውን ያወቀችው ከዚያ ነው፤ ከሥራ ስትወጣ፣ መኪና ውስጥ፣ ብቻዋን። ፎቶውን የለጠፈው የእህት ልጅ ክፉ አላሰበም። ሐዘኑን መግለጡ ነው።

ወላጆቻችን ለዚህ ነገር ሥርዓት ነበራቸው። መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተጠራርተው፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ በማለዳ ይገባሉ። እኛም ነርስነት ስንማር የተነገረን ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ አስቀምጠው፣ አጠገቡ ሰው ይኑር፣ በግልጽ ቃል ንገረው፣ ከዚያ ዝም በል። ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው፤ ሁላችንም ቶሎ “አይዞህ” ማለት ይቀናናል።

ይህ ዝግታ ለወግ ብቻ አይደለም። ድንገተኛ ድንጋጤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልቡ ለታመመ ሰው አደገኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ወስዶ በለቅሶ ምክንያት እህል ሳይቀምስ ከዋለ፣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ መርዶ ነጋሪዎቹ የሰውየውን ሕመም የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ዝግታ ስል መዘግየትን ማለቴ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ወሬ የሚደርሰን በተሳፋሪ አፍ ነበር። እንዲያ ያለው ማንንም አልጠቀመም።

“እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ነይ” ብሎ ማሳፈርንም አልወደውም። በመንገድ ላይ ብቻዋን እንዳትሰማው ታስቦ መሆኑ ይገባኛል። ግን ልጅቷ ታማሚ ልትጠይቅ መጥታ ከደጅ ድንኳን ታያለች። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ “ደህና ነን” ቢላት በምን ታምናለች?

እኔ የምላችሁ ይህን ነው። ውጭ አገር ያለው ልጃችሁን ስልክ ብቻ ሳይሆን፣ በሩን ሊያንኳኳ የሚችል የአንድ ጓደኛውን ወይም የጎረቤቱን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ያ ሰው ደርሶ “አጠገቡ ነኝ” እስኪል ድረስ ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍ ለወጣቶቹ ቀድማችሁ ንገሩ፤ በለቅሶው ቀን ሳይሆን አሁን፣ ቡና ላይ። ሰዓቱንም አስቡ፤ እዚህ ሲነጋ ሚኒሶታ ገና ምሽት ነው፣ ሰው ከሥራ ገብቷል።

እኔ የልጆቼን ጓደኞች ቁጥር የግፊት ክኒኔን ከምመዘግብበት ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። አንደኛው ቁጥር አይሠራም፤ እሑድ ስትደውል እጠይቃታለሁ።