ስለ ኢጣሊያንኛ ትምህርትና ስለ ቡሬው ተማሪ

ከቡሬ፥ ከፍኖተ ሰላምና ከዙሪያው ገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ኢጣሊያንኛ ልማር ሲል «የጠላት ቋንቋ ምን ያደርግልሃል?» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። ቡሬ ከኢጣሊያ ጦር እጅ የወጣችው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ዘመን ወሬ ከምድጃ ዳር ገና አልጠፋም።

እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍል የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ኋላ ሆኖ ይጀምራል። አፉን ቢከፍት ይሳቅበታል፤ ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ አለማወቅ ይቆጠርበታል። በኢጣሊያንኛ ክፍል ሁሉም ከፊደል ይጀምራል። እንዲያውም አማርኛው ያግዘዋል። «ገና» ብለን የልደትን በዓል ስንጠራ «ና»ን እናጠብቃለን፤ «ገና አልመጣም» ስንል እናላላለን። ኢጣሊያኖችም «ኖኖ» ሲሉ፥ ከላላ ዘጠነኛ፥ ከጠበቀ ወንድ አያት ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በዚህ ብዙ ይደክማል፤ የቡሬው ልጅ ግን ከእናቱ ጉያ ይዞት መጥቷል። ማኪናውም፥ ፋብሪካውም፥ ጋዜጣውም ከኢጣሊያንኛ መጥተው በአፉ ከገቡ ቆይተዋል።

አንድ ጊዜ በክፍል ጮክ ብሎ አንብቦ ሳይሳቅበት የተቀመጠ ተማሪ፥ በሌላውም ትምህርት እጁን ማንሳት ሲጀምር አይተናል። ለዚህ ነው መምህራኖቻችንን የምንለምነው፦ ኢጣሊያንኛ በሚሰጥበት ክፍል ፈተናው በጽሑፍ ብቻ አይሁን፥ በቃልም ይሁን፤ ንባቡም በየተራ ይሁን። የሚስቅ ከተገኘ ቀጥሎ እርሱ ያንብብ።