የደም ምስክርነትና የበሽተኛው መዘግየት

የምግብ መውረጃ ቧንቧ ነቀርሳ በአርሲና በባሌ ብዙ ወገኖቻችንን የሚጎዳ ደዌ ነው። ሐኪሞች ክብደቱን ለመገመት ከሚረዷቸው ምልክቶች መካከል በደም ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖች ይቆጠራሉ። አልቡሚን የተባለው ሲያንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርክ የተገኘው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ደግሞ ሲበዛ፣ የሰውነትን መጎሳቆል ያመለክታሉ፤ የበሽተኛውም ሁኔታ አሥጊ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ።

ይሁን እንጂ ሁለቱም በሌላ ደዌ ምክንያት ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ ነቀርሳው የሚረጋገጠው በመመልከቻ ቱቦ ተቆንጥሮ የወጣው ሥጋ ሲመረመር ነው።

እንግዲህ የደም ምርመራ ሐኪሙን ይረዳዋል እንጂ ለዘገየው በሽተኛ ያለፈውን ጊዜ አይመልስለትም። ስለዚህ እንጀራ አልወርድ ያለው ሰው ውሃም እስኪያስቸግረው ድረስ ሳይቆይ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ፣ ቤተ ሰቡም እንዲያጣድፈው አጥብቀን እናሳስባለን።