ጥበብ የሚባለው የማን ጥመቃ ነው?

የባዕዱን ጥመቃ «ጥበብ»፣ የራስን ጥመቃ «ኋላ ቀርነት» ብሎ መጥራት በአንዳንድ ምሁራኖቻችን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ባለፈው ዓመት ለተውኔት ንባብ በተጋበዝንበት በብራስልስ ከተማ ይህን ልማድ ፊት ለፊት አየሁት።

ከአንድ የሙያ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ሳለ አስተናጋጁ በቡሽ የተደፈነ፣ ቡሹም በሽቦ የታሰረ የቢራ ጠርሙስ አቀረበልን። «ሴዞን» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ ወቅት ማለት ነው። የተጠመቀው በኤኖ ክፍለ ሀገር፣ ቱርፕ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ1844 ጀምሮ ቢራ በሚጠመቅበት የእርሻ ግቢ ነው። መልኩ ደፍረስ ያለ ወርቅማ ነው፤ አረፋው ከብርጭቆው አፍ በላይ ይቆማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ቀጥሎ የገብስ ሽታ፣ ከዚያም ጉሮሮን የሚያደርቅ ምሬት ይመጣል። ጣፋጭነቱ እምብዛም ነው፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሶታል። የአልኮል መጠኑ 6.5 በመቶ ነው። ሳላስበው የእናቴ ጋን ትዝ አለኝ።

ባልደረባዬ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ «ጥበብ እንግዲህ ይህ ነው!» አለ። የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ሰው ጠላን በየስብሰባው ሲያንቋሽሽ ሰምቼዋለሁ።

ለመሆኑ የሚያደንቀው ምኑን ነው? የዚያ አገር ገበሬ፣ እንደሚተረከው፣ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት የብርድ ወራት ጠምቆ ያቆየውን በመኸር ጊዜ አጫጆቹን ያጠጣበት ነበር። ደቦ ጠርቶ ጠላ የማያቀርብ የእኛ ገበሬ አለን? ገብሱን ብቅል ማድረግ፣ በመራራ ተክል ማጣፈጥ፣ በእርሾ ማብላላት በሁለቱም ቤት አለ። እነርሱ ሆፕስ የተባለውን አበባ ሲጨምሩ የእኛይቱ ጠማቂ ጌሾ ትጨምራለች። አንድ ናቸው አልልም። ጠላ ጢስ አለው፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። አሻሮው ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ እንኩሮው በምጣድ ላይ እየተማሰለ በስሎ፣ ጥንስሱ ድፍድፍ እስኪሆን ድረስ ጠማቂዋ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ትከታተለዋለች። ቴርሞሜትር ስለሌላት ዕውቀቷ ከዕውቀት አይጎድልም።

ባልደረባዬ የንጽሕናን ጉዳይ ያነሣል። እውነት አለው፤ ከጠላ ቤት ተመልሼ ሁለት ቀን የተኛሁበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ የቱርፕ ጠማቂ ንጽሕናን የተማረው የአያቶቹን ጥመቃ ሳይክድ ነው። በጠርሙሱ ግርጌ የቀረውን አተላ እንኳ አላጠለለውም! እኛ አተላ ያልነውን እርሱ ሕያው እርሾ ብሎ ይሸጠዋል። (ዋጋውን ለመጻፍ አፍራለሁ።)

የቤልጅየም የቢራ ባህል እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በእኛ በኩል የጠላን ብልሃት የመረመሩ የሳይንስ ሰዎች አልጠፉም፤ ጠማቂዋን ቁጭ ብሎ ያናገረ የጥበብ ሰው ግን ስንት ነው? በተውኔቶቻችን ውስጥ ጠላ ሻጯ የሰካራም ማጀቢያ ናት። ከወቀሳው እኔም አላመልጥም፤ በመጀመሪያ ተውኔቴ ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ ወጥታ የተናገረችው «ልቅዳ?» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ባልደረባዬ የእርሻ ግቢውን ስም ከወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ ወደ ማስታወሻው ገለበጠ። በልጅነቱ አባቱ ጠላ እንዲያመጣ የሚልኩበት ቤት እንደነበረ አውቃለሁና የባለቤቲቱን ስም ጠየቅሁት። «ባለ ጠላዋ» ከማለት በቀር አያውቀውም።