ጀግናን ከሞተበት ስፍራ ማንሣት

የታሪክን ሥዕል የሚያየው ሰው የታሪክን መጽሐፍ ከሚያነበው ይበዛል። ስለዚህ «ሠዓሊ የጀግናን አሟሟት እንደ ወደደ ቢሥል ምን አለበት? ጥበብ ለእውነት ባሪያ አይደለችም» የሚሉትን ሰዎች ዝም ብለን አናልፋቸውም። ለክርክራችንም የእንግሊዙን የባሕር ኃይል አለቃ የአድሚራል ኔልሰንን ሞት የሚያሳዩትን ሥዕሎች ለምስክርነት እንጠራለን።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1805 ዓ.ም. ኦክቶበር 21 ቀን፣ በትራፋልጋር አጠገብ፣ 27 የእንግሊዝ ታላላቅ የጦር መርከቦች 33 የፈረንሳይና የእስፓኝ መርከቦችን ገጠሙ። ኔልሰን ቪክቶሪ በተባለችው መርከቡ ላይኛ ወለል ሲመላለስ፣ ከፈረንሳይ መርከብ ምሰሶ ላይ የተተኰሰ ጥይት በግራ ትከሻው ገብቶ አከርካሪውን መታው። ወደ ታች ሲያወርዱት መርከበኞቹ አይተው ወኔያቸው እንዳይሰበር ፊቱንና ኒሻኖቹን በመሐረብ ሸፈነ። ከዚያም ቁስለኞች በሚያቃስቱበት ጨለማ ክፍል ከሦስት ሰዓት በላይ ሲያጣጥር ቈይቶ፣ ድል መገኘቱን ከመርከቧ አዛዥ ከሃርዲ ሰምቶ ሞተ። ይህን ሁሉ የመርከቧ ሐኪም ዊልያም ቢቲ ጽፎ አቈይቶልናል።

ቤንጃሚን ዌስት በ1806 ዓ.ም. የሣለውና በሊቨርፑል የሚገኘው ትልቅ ሥዕል ግን ነገሩን ገለበጠው። በዚያ ሥዕል ኔልሰን የሚሞተው በላይኛው ወለል ላይ፣ በብርሃን መካከል፣ መኰንኖችና መርከበኞች ከብበውት ነው። የዌስት አሳብ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንደ ማንም ተራ ሰው በጨለማ ጕድጓድ ሲሞት ሊታይ አይገባም የሚል ነበር።

ይህ አነጋገር ለጆሮ ያማረ ነው። ሲመረመር ግን የጀግናውን ክብር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ኔልሰን ፊቱን የሸፈነው ማንም ከመድፉ እንዳይለይ ነበር፤ ዌስት ግን ፊቱን ገልጦ፣ ብዙ መርከበኞችን ሥራ አስፈትቶ በዙሪያው አቆማቸው። እንዲህ ሆኖ ቢሆን ጦርነቱን ማን ይዋጋው ነበር? በቪክቶሪ ላይ ብቻ 57 ሰዎች ሲሞቱ ከ100 የሚበልጡ ቈስለዋል፤ እነዚህ ሰዎች በተመደቡበት ወደቁ እንጂ ለቅሶ ደራሽ ሆነው አልቆሙም። እንግዲህ ሥዕሉ ከአለቃው የመጨረሻውን ታላቅ ሥራ፣ ከተራው መርከበኛ ደግሞ ጽናቱን ነጠቀ ማለት ነው።

አርተር ዴቪስ ግን ቪክቶሪ ወደ አገሯ ስትመለስ ከመርከቧ ገብቶ የሞቱን ስፍራ ተመለከተ፤ በዚያ የነበሩትንም ሰዎች መልክ ነደፈ። በ1807 ዓ.ም. የተፈጸመውና በግሪንዊች ያለው ሥዕሉ ጠባቡን ክፍል፣ የፋኖሱን ብርሃንና በሟቹ ዙሪያ የተጠጉትን ጥቂት ሰዎች ያሳያል። እርግጥ እርሱም ረጅሙ ሃርዲ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ጣራውን ከልኩ አስበልጦታል፤ ነገር ግን የሞቱን ትርጕም አልለወጠም። ዌስት ራሱ እንኳ በ1808 ዓ.ም. ኔልሰን በታችኛው ክፍል ሲሞት የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ሠራ፤ ሁለቱን አስተያይቶ አንባቢው ይፍረድ።

ሠዓሊ ነፃነት የለውም አላልንም፤ ቀለሙንና ብርሃኑን እንደ ፈቀደ ይምረጥ። ነገር ግን ዌስት እንዳደረገው የሰዎቹን መልክ ከእውነተኞቹ ሰዎች እየቀዳ «እነሆ፣ የሆነው ይህ ነው» የሚል ሠዓሊ በምስክር ቦታ ቆሟል፤ ምስክርም ነገሩ የሆነበትን ስፍራ አይለውጥም። መምህራን እንዲህ ያለውን ሥዕል ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ፣ የተሣለው ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ነገሩ የት እንደ ሆነና ማን እንዳየው እንዲጠይቁ ያልምዷቸው። ኔልሰንን ያ ጨለማ ክፍል አላሳነሰውም፤ ሠዓሊውም ሊያፍርበት አይገባውም ነበር።