ልጅ ያቦካው ለእራት ይበቃል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው፡፡ ተረቱ ስለ ሊጥ ይመስላል፡፡ እኛ ግን ልጆች ራሳቸው አስበው ራሳቸው ለሚመሩት ነገር ሁሉ እንጠቅሰዋለን፡፡

በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ በቡድን ሆኖ ተራራ መውጣት በቅርብ ዓመታት ልማድ እየሆነ መጥቷል፡፡ ጎሕ ሳይቀድ በሚኒባስ ተሳፍረው ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻና ወደ ወንጪ የሚጓዙ ቡድኖች በርክተዋል፡፡ ተጓዦቹ ግን በአብዛኛው ደመወዝተኞች ናቸው፡፡ ጉልበቱም ጉጉቱም ያላቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑት ታዳጊዎች ቤት ይቀራሉ፡፡ ከእነሱ አንዱ ተነስቶ «ከጓደኞቼ ጋር ቡድን ልንመሠርት ነው፤ የምንመራውም ራሳችን ነን» ቢል የብዙ ቤት መልስ አንድ ቃል ነው፤ «አይሆንም!»

የዚህ ጸሐፊ አቋም መልሱ «ይሆናል፤ ነገር ግን…» መሆን አለበት የሚል ነው፡፡ «ነገር ግን» ከሚለው ቀጥሎ ምን መምጣት እንዳለበት ደግሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል፡፡

ቀራንዮ ለዚህ ክርክር ምቹ ሰፈር ነው፡፡ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ከ3 ሺሕ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የወጨጫን ተራራ ያያል፡፡ በተራራው ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፡፡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ጽድ እንደለማ የሚነገርለት፣ ጉሬዛና ድኩላ የሚታይበት ደን ነው፡፡ የሰፈሩ ታዳጊ ግን ተራራውን የሚያውቀው ከሩቅ ነው፡፡ ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቀው ስልኩ፣ ፑል ቤቱና ኳስ የሚታይበት ቤት ነው፡፡ ልጁ ከአደጋ ተጠብቆ ቤት ዋለ ስንል የትኛውን አደጋ ማለታችን እንደሆነ ብንጠይቅ መልካም ነው፡፡

በትእዛዝ የወጣ ትውልድ

የወላጅ ፍርኃት ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፡፡ በአገራችን ወጣት ከከተማ ወጥቶ ሜዳና ተራራ ሲያቋርጥ የኖረው በአብዛኛው በመንግሥት ትእዛዝ ነው፡፡ የዚሁ የኮልፌ ስም በዓለም ታሪክ የተጠራው በሥልጠና ነበር፡፡ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ኋላ ጄኔራል በሆኑት በታደሰ ብሩ ይመራ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ የውትድርና ትምህርት ተከታትለዋል፡፡ መሣሪያና ስንቅ ተሸክሞ ረዥም መንገድ መጓዝም የሥልጠናው አካል ነበር፡፡

ከዚያ ወዲህ የመጣው የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው፡፡ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፡፡ ብዙዎቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፡፡ አገራቸውን ያወቁበት አጋጣሚ እንደነበር አይካድም፡፡ ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ፡፡ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣና በራስ ተነሳሽነት መደራጀት በሕይወት የሚያስከፍል ሆነ፡፡ የተፈቀደው መደራጀት በአኢወማ በኩል፣ ከላይ በሚወርድ መመርያ ነበር፡፡ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ሊግና ፎረም እያልን ስሙን ለዋወጥነው እንጂ ወጣቱን ከላይ ሆኖ የማደራጀት አመል አልለቀቀንም፡፡

በመካከሉ አንድ የተለየ ነገር ነበር፤ ስካውት፡፡ በንጉሡ ዘመን በትምህርት ቤቶች የታወቀው ይህ እንቅስቃሴ ከዘውዱ መውደቅ በኋላ ከሰመ፡፡ ቆይቶ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር ዳግም ተቋቁሞ ወደ ዓለም አቀፉ ድርጅት አባልነት ተመልሷል፡፡ ስለ ስካውት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአንገት ልብሱንና ሰላምታውን ነው፡፡ ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፡፡ እንግሊዛዊው ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ወደ ሃያ የሚጠጉ ልጆችን ይዞ ብራውንሲ ደሴት ላይ ድንኳን ሲተክል ልጆቹን በትንንሽ ጓድ ከፈላቸው፡፡ የየጓዱ መሪ ጎልማሳ አልነበረም፤ ከልጆቹ አንዱ ነበር፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ አሠራር ነው፡፡

የዛሬው ወላጅ ደግሞ የራሱ ጊዜ ሥጋት አለበት፡፡ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን የሰማች እናት፣ ልጄ ከከተማ አይውጣ ብትል ማን ይፈርድባታል? የሴት ልጅ እናት ስትሆን ደግሞ ሥጋቱ እጥፍ ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 በማኅበር የመደራጀትን መብት የሚሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፡፡ ስለ መምረጥ በሚናገረው አንቀጽ 38 ላይ 18 ዓመት የሚል ገደብ ያስቀመጠው ሕግ፣ እዚህ ላይ ዕድሜ አልጠቀሰም፡፡ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 15 ሕፃናት የመደራጀት መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ የዕረፍትና የጨዋታ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፡፡

ሌሎች ሕጎቻችንን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል፡፡ በወንጀል ሕጉ 15 ዓመት ያለፈው ልጅ የሚጠየቀው በመደበኛው ሕግ ነው፤ ከ18 በታች በመሆኑ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል እንጂ፡፡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ15 ዓመቱ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል፡፡ እንግዲህ የ16 ዓመት ልጅ ለመታሰር ደርሷል፤ ለመቀጠርም ደርሷል፡፡ ስምንት እኩዮቹን አስተባብሮ ተራራ ለመውጣት ሲሆን ብቻ «ገና ልጅ ነው» እንላለን፡፡

በሌላ ወገን የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በአሳዳሪና በሞግዚት ጥበቃ ሥር ያደርገዋል፡፡ መኪና ለመከራየት ውል መፈረም የአዋቂ ድርሻ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከቁጥር 2124 ጀምሮ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን፣ እንደ ሁኔታውም ልጁን በአባት ምትክ የተረከበውን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል፡፡ ስለዚህ ጉዞውን ታዳጊዎች ይምሩት ሲባል ከአዋቂ ኃላፊነት ውጪ ይሁን ማለት አይደለም፡፡

መሪው ልጅ፣ ኃላፊው አዋቂ

መፍትሔው ድርሻን መለየት ነው፡፡ የት እንደሚሄዱ፣ ስንቱን ማን እንደሚይዝ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን፣ ለደከመው ጓደኛ ማን ቦርሳ እንደሚሸከምለት የሚወስኑት ታዳጊዎቹ ይሁኑ፡፡ መሪውንም ራሳቸው ይምረጡ፤ በየወሩም ይቀያይሩት፡፡ አብረው የሚሄዱት ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች፣ ሴቶች ልጆች ካሉም አንዷ ሴት፣ አንድ ሥልጣን ብቻ ይኑራቸው፤ አደጋ ሲያዩ «በቃ፣ እንመለስ» የማለት፡፡

ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት መድረሻውን፣ የመመለሻ ሰዓቱን፣ የልጁን ሕመምና መድኃኒት ይግለጽ፡፡ «ለሚደርሰው ሁሉ ማንንም አልጠይቅም» የሚል ፊርማ ግን የአዋቂን ቸልተኝነት የሚያጥብ ጠበል አይደለም፡፡ የመጀመርያው ጉዞ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም ወደ እንጦጦ ይሁን፡፡ መናገሻ ሱባ የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል ስለሆነ፣ ወደዚያ ሲኬድ ደኑን ለሚያስተዳድረው ድርጅትና ለአካባቢው መስተዳድር አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል፡፡ የጸጥታ ሥጋት ባለበት ሳምንት ጉዞው ይቅር፡፡ በሐምሌና በነሐሴም ወንዝ መሻገር አያስፈልግም፡፡

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ገንዘብ፡፡ ጫማና ድንኳን የሚገዛለት ልጅ ብቻ የሚወጣበት ተራራ ከሆነ ቡድኑ የሀብታም ልጆች ሽርሽር ሆኖ ይቀራል፡፡ ድንኳንና ገመድ በትምህርት ቤቱ ወይም በወረዳው የወጣት ማዕከል ተቀምጦ በየተራ ቢያገለግል ወጪው ለሁሉም ይቀላል፡፡ ሆኖም ድንኳን የሰጠ መሥሪያ ቤት በማግሥቱ ባነር አሸክሞ ሰልፍ የሚያስወጣቸው ከሆነ ተመልሰን እዚያው ነን፡፡

የ16 ዓመቱ መሪ መንገድ ሊስት ይችላል፡፡ ዳቦው ዝናብ ይመታዋል፤ ሁለት ጓደኞቹ ይጣሉበታል፤ የተባለው ሰዓት ያልፍበታል፡፡ ከኋላው ኃላፊነት የሚሰማው አዋቂ እስካለ ድረስ ይህ ሁሉ የትምህርቱ ክፍያ ነው፡፡ ይህን በ16 ዓመቱ ያልከፈለ ሰው በ40 ዓመቱ መሥሪያ ቤት ሲመራ፣ ያውም በሌላው ሰው ኪሳራ ይከፍለዋል፡፡ እናት ብቻ የምታቦካበት ቤት፣ እናት የታመመች ቀን ጦሙን ያድራል፡፡