የተፈረመ ዕዳና ያልተፈረመ ዕዳ



ባለፈው ዓመት ጥቅምት 24 ቀን በአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ቅዳሴው ተፈጽሞ ስንወጣ አንዲት ጎረቤታችን ከቅጥሩ በር አጠገብ ጠሩን። ባላቸው ያረፉባቸው፣ ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ ፊታቸው ግን የደስተኛ ሰው ፊት አልነበረም። «መምህር፣ ዕዳ ፈርሚ ይሏታል አሉ። ያችን አንዲት ላሜን ይወስዱብኝ ይሆን? ከሆነስ ብትቀርብኝ አይሻልም?» ሲሉ ጠየቁን። ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ መልሳችንን በዚህ ዓምድ ማካፈል መልካም መስሎ ታየን።

አስቀድሞ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በእኛም በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ተማሪው የትምህርቱን ዋጋ አይጠየቅም ነበር። ሸክሙን የሚችለው የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ይኸውም ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። ወደ ኮሌጅ የሚገባው ግን ከብዙው ጥቂቱ ስለ ነበረ፣ የራሱን ልጅ ያላስተማረ ገበሬ የሌላውን ልጅ ያስተምር ነበር ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ይህን ልማድ ለወጠ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ዋጋ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጅ እንዲጋራ፤ መንግሥት ቀድሞ ከፍሎለት፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቆረጠ እንዲመልስ አዘዘ። ከትምህርቱ ወጪ የሚቀረው የመንግሥት ስጦታ ነው። በአሜሪካ በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የሚጠራው ድጎማ ለድኃ ቤተ ሰብ ልጅ ይሰጣል፤ ተመልሶም አይጠየቅም። አውስትራሊያ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1989 ጀምሮ ክፍያውን ከተመራቂው ገቢ ትሰበስባለች። የእኛ አገር ሥርዓት ለዚህኛው ይቀርባል።

ስለዚህ እንዲህ አልናቸው። «እመዬ፣ ውሉን የምትፈርመው ልጅዎ ናት፤ የሚቆረጠውም ከደመወዟ እንጂ ከላምዎ አይደለም። ደመወዟ 10,000 ብር ቢሆን ከመቶ 10 ማለት 1,000 ብር ነው። ዕዳ ፈርታ ብትቀር ግን ዕዳውም ደመወዙም አይኖራትም።»

ይህን ስንናገር ኅሊናችን ዝም አላለንም። እኛ በ1994 ዓ.ም. ስንመረቅ አንድ ሳንቲም አልተጠየቅንም፤ ውልም አልፈረምንም። ከዚያም በፊት በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፣ አኮፋዳ አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ስንዞር ቁራሽ የሰጡን እናቶች ስማችንን እንኳ አልጠየቁም። ዳዊት የደገምነው በእነርሱ እንጀራ ነው። ያ ዕዳ በመዝገብ ስለ ሌለ ሳንከፍለው ብዙ ዘመን ኖርን።

መንግሥት የማያበድረው ወጪም አለ፤ የመኪና መሳፈሪያ፣ ደብተር፣ ሳሙና፣ የብርድ ልብስ። ካስተማርናቸው ልጆች መካከል ፈተናውን አልፈው በዚህ በትንሹ የተሰናከሉ አሉ። የጎረቤታችን የማርያም ማኅበርተኞች ይህን ሰምተው ኅዳር 21 ቀን ከጽዋው በኋላ እንደ አቅማቸው አዋጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና ማንም አልከበደውም። እኛም ልጅቱ እስክትመረቅ ድረስ ከወር ደመወዛችን ከመቶ 10 ልንሰጣት ቃል ገባን። ለውዳሴ አይደለም፤ ሕግ ያልጠየቀንን ዕዳ ዘግይተን መክፈላችን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሚፈርመውን ውል አብራችሁ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። ዕዳ የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታችሁ ደጁን አትዝጉበት። እናንተም ተመራቂዎች፣ ከመክፈል አትሸሹ፤ ዋናውን የምስክር ወረቀት ለመውሰድ ስትሄዱ የመክፈላችሁን ማስረጃ መጠየቃችሁ አይቀርም። የተፈረመውን ደመወዛችሁ ይከፍላል። ያልተፈረመውን ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው የድኃ ልጅ ይጠብቀዋል። ብድር በምድር ነው።